ላርን፣ ውኃው ሲሄድና ሲመጣ

የመንደሩ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ይፈጃል፤ ሲጠራ ግን «ላርን» ብቻ ነው። የዌልስ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ «ታላኻርን» ይሉታል። ከካርማርዘን ከተማ የሚነሣው አውቶቡስ ላይ ስሙን እንደተጻፈው ላነበንበው ስሞክር አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ፈገግ ብለው አረሙኝ። በዚያ ምድር የቦታን ስም ማወቅ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ ግን ሁለት ቀን ቆይቼ ነው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ የደጋ ሰው ነኝ። ወንዝ ለእኔ የሚሄድ ነገር ነው፤ የሚደርስበትን አይቼ አላውቅም። አዋሽም ቢሆን ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ላርን ግን የታፍ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ዳር ላይ የተቀመጠች ናት። ታፍ፣ ታዊና ግዌንድራይዝ የሚባሉት ሦስት ወንዞች እዚያ አካባቢ ተቀራርበው ወደ ካርማርዘን የባሕር ወሽመጥ ይገባሉ።

ጠዋት ከመንደሩ የድሮ ግንብ ሥር ስደርስ ውኃ የለም። ዓይን እስኪደክም ቡናማ ደለል፣ መሃሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ፣ እዚህም እዚያም በጎናቸው የተኙ ጀልባዎች። ዳቦዬን በልቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓታት በኋላ በደለሉ ላይ ያሉት ስንጥቆች ከታች ወደ ላይ ይሞሉ ጀመር። ቀጥሎ ወንዙ ቆመ። የሚሄድበት የጠፋው ይመስል ትንሽ ጊዜ ፀጥ አለና ወደ መጣበት ወደ ላይ ይፈስ ጀመር። ወንዝ ሲመለስ ያየሁት በዚያን ቀን ነው። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ ውኃው ጉልበቱ በደረሰ ቁጥር ሁለት እርምጃ ወደ ዳር እየሸሸ ዓሣውን ያድን ነበር።

ይህ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። የሚስበው የጨረቃና የፀሐይ ጉልበት ስለሆነ ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱ ይበረታል፤ በወሽመጡ አፍ በኩል በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ7 ሜትር ያልፋል። እንዲህ ባለው ቀን ባሕሩ ከግንቡ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ድረስ ይገባል። የመንደሩ ሰው ሰዓቱን ያውቃል፤ እንግዳው ማስታወቂያውን ካላነበበ መኪናውን ውኃ ውስጥ ቆሞ ያገኘዋል።

ግንቡ የኖርማኖች ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ሰር ጆን ፔሮት የሚባል ባለሥልጣን ሰፋፊ መስኮት አውጥቶለት ቤተ መንግሥት አስመሰለው፤ እ.ኤ.አ. በ1644 በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ተከቦ ፈረሰ። ሠዓሊው ተርነርም ሥሎታል። እኔን የያዘኝ ግን ከግንቡ በታች ያለው ሣር ነው። ባሕር ጨው የሚያጠጣው ሣር ነው፤ በጎች ይግጡበታል። የእኛ ከብት አሞሌ እንደሚልሰው ማለት ነው።

ከደለሉ የሚለቀመው ደግሞ ኮክል ነው፤ በሁለት ትንንሽ ዛጎሎች መካከል የሚኖር፣ ተቀቅሎ የሚበላ። በዚያ ወሽመጥ ዳርቻ ድሮ ውኃው ሲሸሽ ሴቶች አህያ እየነዱ ይወጡ ነበር። አሸዋውን ጭረው ያገኙትን በወንፊት ይነፉታል፤ ትንንሾቹ በቀዳዳው ሾልከው ለሌላ ጊዜ ይቀራሉ። ወንፊቱ ራሱ ሕግ ነው።

ወደ ምዕራብ ትንሽ ሲኬድ ፔንዳይን የሚባለው 11 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም አሸዋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 ማልኮም ካምቤል በሰዓት 235 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለምን የመኪና ፍጥነት ክብረ ወሰን የያዘው እዚያ ላይ ነው። በ1927 ፓሪ ቶማስ የሚባል ሌላ ነጂ ክብረ ወሰን ሊሰብር ሲነዳ ሞተ። «ባብስ» የምትባለውን መኪናውን እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀበሯት፤ በ1969 ተቆፍራ ወጣች።

አብዛኛው ጎብኚ ላርን የሚመጣው ለባለቅኔው ለዲላን ቶማስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ ሞቱ ድረስ ገደል ሥር በተሠራው የጀልባ ቤት ኖሯል። ይጽፍ የነበረው ከቤቱ ከፍ ብላ ባለችው፣ ቀድሞ መኪና ማቆሚያ በነበረች የእንጨት ጎጆ ውስጥ ነው። በመስታወት አጮልቄ አየሁ፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ኮት፣ ወለል ላይ የተጨማደደ ወረቀት። ከመስኮቱ ባሻገር የሚታየው ማዶ የእናቱ ዘመዶች ያርሱበት የነበረው አገር ነው። በ1953 ኒው ዮርክ ውስጥ በ39 ዓመቱ ሞተ። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን፣ በድንጋይ ሐውልቶች መካከል፣ መቃብሩ ላይ ነጭ የእንጨት መስቀል ቆሟል። የሚስቱ የኬትሊን ስም በዚያው መስቀል ጀርባ አለ።

ሆኖም የላርን ዋና ሀብት ባለቅኔው አይመስለኝም። ጋይ ዴ ብራያን የሚባል መስፍን በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ለነዋሪዎቹ መሬትና ራስን የማስተዳደር መብት በጽሑፍ ሰጣቸው፤ በዚያ መብት የቆመው የነዋሪዎቹ ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። አለቃው «ፖርትሪቭ» ይባላል። የሹመቱ ሐብል በወርቅ የተሠሩ የኮክል ዛጎሎች ናቸው። ከማኅበሩ አባላት በዕድሜ ቀደምት የሆኑት 76ቱ ዕድሜ ልካቸውን የሚይዙት የማሳ ድርሻ አላቸው። አንዱ ሲሞት ድርሻው ተራ ለሚጠብቀው ያልፋል። ከኮረብታው ላይ ሆኜ አየሁት፤ ረዘም ረዘም ያለ፣ በአጥር ሳይሆን በሣር ድንበር የተለየ። ዓይኔ ለመደው።

በየሦስት ዓመቱ ደግሞ ከጰራቅሊጦስ በኋላ በሚውለው ሰኞ ሕዝቡ የማኅበሩን ድንበር በእግሩ ይዞራል። መንገዱ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጫካ፣ ቁልቁለት፣ ጅረት አለበት። የታወቁ ቦታዎች ላይ ሲደርሱ ይቆሙና ከተጓዦቹ አንዱ «የዚህ ቦታ ስም ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ካላወቀ ቁልቁል ይዘቅዝቁትና መቀመጫውን ሦስቴ ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ያን ስም ከዚያ በኋላ አይረሳውም። ካርታ ሳይኖር የድንበር መዝገብ የነበረው የሰው ገላ ነው፤ ካርታው ከመጣ በኋላም አልተዉትም።

ይህን የሰማሁ ለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአባቴ የመሬት ደብተር ላይ «በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ ወንዝ ያዋስነዋል» የሚል አለ። የተባለው እገሌ ሞቷል፤ ወንዙ መንገዱን ቀይሯል። አባቴ ግን ድንበሩ ላይ ያሉትን ሦስቱንም ትልልቅ ድንጋዮች በስማቸው ይጠራቸዋል። እኔ የማውቀው የአንዱን ነው። ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህን የምታነቡ፣ ለሚመጣው በዓል ወደ ቤተሰብ የምትወርዱ፣ ከአውደ ዓመቱ ማግስት አንድ ሽማግሌና አንድ ልጅ ይዛችሁ ድንበሩን ዙሩ። የየቦታውን ስም ጠይቁ፤ ልጁ እስኪይዘው ድረስ ደጋግማችሁ አስጠሩት።