አንዲት ዜሮ አለችብኝ

ትናንት ማታ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። ከዓመታት በፊት 9ኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። «መምህር እንዴት ሰነበቱ? ለምርምር ገንዘብ የሚወዳደር ፕሮፖዛል እየጻፍኩ ነው። ርዕሱ የሥነ ምህዳር አገልግሎትና ድህነት ቅነሳ ነው። እርስዎ የእኛን አካባቢ ገበሬ ስለሚያውቁ መጠይቅ የሚሞሉልኝ ሰዎች ቢያገናኙኝ?» ትላለች። ፕሮፖዛሉንም አያይዛ ልካልኛለች።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እኔ እንደምታውቁት የዲፕሎማ መምህር ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ የገባሁትም የጂኦግራፊ መምህር ጠፍቶ «ለጊዜው ያዝልን» ተብዬ ነው፤ ጊዜው ሄዶ ሄዶ እነሆ እዚያው አለሁ። ተማሪዬ አልፋኝ ስትሄድ ከማየት የበለጠ ደስታ የለኝም።

ግን መልስ ሳልሰጣት አደርኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ነገሩ በ2006 ዓ.ም. ክረምት ነው። ትምህርት ተዘግቷል፤ ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለእናቴ ተከፋፍሎ አልቋል። በውጭ ገንዘብ የሚሠራ አንድ የጥናት ቡድን መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል ተባለ። አበሉ ለእኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ሦስት ቀን ሠለጠንን፤ እስክሪብቶና የዝናብ ልብስ ተሰጠን፤ ከጉና ተራራ ሥር ወዳሉ ቀበሌዎች ወጣን።

ጉናን ለማታውቁ፦ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ይነሣሉ፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያመርተውም፣ ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምደውም የዚህ ተራራ ባለዕዳ ነው። «የሥነ ምህዳር አገልግሎት» የሚባለው ይሄው ነው እንግዲህ። ተራራው ውሃ ያጠራቅማል፤ ሣሩ አፈር ይይዛል፤ ጫካው ለንብ አበባ፣ ለቤት ማገዶ ይሰጣል። ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት ማንም አይቆጥረውም። ያለው ሰው ውሃ ሲጠፋ በቦቴ ያስመጣል፤ ድሃው ግን ምንጩ ከደረቀ ሌላ የለውም። ስለዚህ «ተፈጥሮን ብንጠብቅ ድህነት ይቀንሳል ወይ? የማን ድህነት?» ብሎ መመርመር ተገቢ ነው። ከጥያቄው ጋር ጸብ የለኝም።

መጠይቁ ከ20 ገጽ በላይ ነበር። ከእንግሊዝኛ ስለተተረጎመ አማርኛው ራሱ አስተርጓሚ ይፈልጋል። በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት፣ በቀን ስንት ጀሪካን ውሃ፣ በዓመት ስንት ኪሎ ማር… ሴቶቹ ሊጥ እያቦኩ፣ ወንዶቹ ዕርፍ እየጠረቡ ይመልሱልን ነበር። አረም በሚታረምበት ወቅት ከገበሬ ላይ ሁለት ሰዓት መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ ያውቀዋል። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ግን በቀን የተመደበልኝን ያህል ወረቀት ካልሞላሁ አበሌ ይቆረጣል። ስለዚህ እቸኩላለሁ።

አንድ አባት ቤት ደረስኩ። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጫካ አጠገብ የሚያርሱ ናቸው። ጠላ ቀዱልኝ፤ ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ። መጨረሻ አካባቢ ያለው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ደን እንዲጠበቅ በዓመት ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?»

ዝም አሉ። ከዚያ «ለማን ነው የምከፍለው?» አሉኝ።

«እንዲሁ ግምት ነው አባቴ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ጫካ አባቴም አያቴም ጠብቀው አቆዩት። እኔም ከብት እንዳይገባ ስከለክል ከጎረቤት ተቀያይሜበታለሁ። በየዓመቱ ለእርከን ሥራ ስወጣ የከፈለኝ የለም። አሁን ደግሞ እኔው ልክፈል? እስቲ አንተ ጻፍ፤ ‹ለእኛስ ማን ይከፍለናል?› ይላል ብለህ ጻፍ።»

ወረቀቱ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ያለችው ቁጥር የሚገባባት አንዲት ሳጥን ናት። እኔ ዜሮ ጻፍኩ።

«ጻፍክልኝ?» አሉኝ።

«ጽፌያለሁ አባቴ» አልኳቸው።

ዋሸኋቸው።

ሲሸኙኝ «የደረሳችሁበትን መጥታችሁ ንገሩን» አሉ። «እንነግራችኋለን» አልኩ። እሱም ውሸት ሆነ። ወረቀቱ ተጭኖ ሄደ፤ ማንም አልተመለሰም። አስተባባሪው ጋ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ «ፕሮጀክቱ እኮ አልቋል» አለኝ። ለየቤቱ የተረፈው ሁለት ሁለት ሳሙና ነው። አባትየው ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ያ ወረቀት የት ደረሰ?» ይሉኛል፤ እየሳቁ ነው የሚሉኝ። ቆይቼ በሩቅ ሳያቸው መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ተመራማሪዎች ራሳቸው «የተቃውሞ ዜሮ» የሚሉት ነገር እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰውየው ዜሮ ያለው ለደኑ ዋጋ ሳይሰጥ ቀርቶ ሳይሆን ጥያቄውን ስላልተቀበለው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዜሮ ለመለየት «ለምን?» የሚል ተከታይ ጥያቄ ይጨመራል። የእኛ ወረቀት ላይ አልነበረም። የእሳቸው ዜሮ «ጫካው ለእኔ ምኔም አይደለም» ካለ ሰው ዜሮ ጋር ተደምራ ሄደች።

ሌላም ነገር አነበብኩ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2018 ልክ በዚህ ርዕስ ላይ ትልቅ የምርምር ፕሮግራም ነበራት፤ ኤስፓ ይባላል። (እኔ የሠራሁበት ቡድን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እንዳታደባልቁብኝ።) የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤታቸውና ሁለት የምርምር ምክር ቤቶቻቸው ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጡበት። ከብዙ አገር ጥናት በኋላ የደረሱበት ዋናው ነገር፣ ተፈጥሮ ስለተጠበቀ ብቻ ሁሉም እኩል አይጠቀምም የሚል ነው። አንዱ ሲያገኝ ሌላው ያጣል። የተፈጥሮ ጸጋ ብዙ ጊዜ ድሃው የባሰ እንዳይወድቅ ይደግፈዋል እንጂ ብቻውን ከድህነት አያወጣውም።

በዚያው ገንዘብ ከተሠሩት አንዱ የማዳጋስካር ጥናት ነው። እዚያ ምሥራቃዊው ደን ሲከለል ለሚጎዱ አባወራዎች ካሳ ይሰጣል ተብሎ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቤት ለቤት ሄደው ሲያጣሩ፣ የካሳ ዝርዝሩ ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ሰፋ ያለው በአካባቢው ሥልጣን ያላቸው፣ በቀላሉ የሚደረስባቸውና ቤታቸው እህል የማይጎድልባቸው ሆነው ተገኙ። ደኑ ጥግ ያለው ድሃ ተዘለለ። የተሰጠውም ካሳ ገበሬዎቹ ካጡት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

ይሄ የትኛውንም ቀበሌ አያስታውሳችሁም?

አያችሁ፣ ይሄ የአባትየው ጥያቄ ነው። «ለእኛስ ማን ይከፍለናል?» ማዳጋስካር ላይ ሳይንስ ሆነ፤ ጉና ሥር ግን በእኔ እጅ ዜሮ ሆነ።

በአገራችን ደህና የተሠራ የለም እያልኩ አይደለም። አዊ ዞን፣ ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንገሽታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። ያም በብሪታንያ የምርምር ገንዘብ ነው። ተመራማሪዎቹ የገበሬዎቹን ቁጥር ከመደበኛ ጣቢያና ከሳተላይት መረጃ ጋር አወዳድረው አስተማማኝ ነው ብለው ጽፈዋል። እዚያ ገበሬው ለካ፤ እዚህ ተለካ። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» ነው የምታውቋቸው። ሙያቸው ግን ደን ነው፤ የዶክትሬት ጥናታቸው በቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ላይ ነው። እሳቸውና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ካህናቱን ሰብስበው ደኖቹ ምን ያህል ብቻቸውን እንደቀሩ ከላይ በተነሣ ምስል አሳዩአቸው። ከምክክሩ የወጣው መፍትሔ የድንጋይ አጥር ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ማሳው ለማረሻ ይመቻል፤ ከብት ደኑ ውስጥ አይገባም፤ ችግኙ ያድጋል። ገበሬ የሚገባው ምርምር እንዲህ ያለው ነው።

ወላይታ ሁምቦም አለ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ ከጉቶው እንዲያገግም ተደረገ። ሰባት የአካባቢው ማኅበራት በመሬቱ የመጠቀም መብት በወረቀት ተሰጣቸው፤ ደኑ ለሚይዘው ካርቦን የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ገንዘብ ከፈለ። ይሄም የራሱ ችግር አያጣውም፤ እርሻው የሚጠበው፣ ከብቱ ግጦሽ የሚያጣው ሰው አለ። ቢሆንም ለዚያ አባት ጥያቄ «እንዲህ ሊከፈላችሁ ይችላል» የሚል መልስ በዚችው አገር መኖሩን ያሳያል።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ እየጠበበ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የውጭ እርዳታዋን ከአገራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ወደ 0.5 ስታወርድ የምርምር ተቋሟ የ120 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ገጠመው፤ የተጀመሩ ጥናቶች መሐል ላይ ተቆረጡ። በ2025 ደግሞ በ2027 ወደ 0.3 እንደምታወርደው አስታውቃለች። ዩኤስኤአይዲም በዚያው ዓመት ተዘግቷል። ስለዚህ የተማሪዬ ዕድል ቀላል አይደለም፤ ብታሸንፍ ትልቅ ነገር ነው። ግን ገንዘቡ ባነሰ ቁጥር «ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ገበሬው ደጅ ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል።

ጠዋት ፕሮፖዛሉን ከፈትኩት። ጎበዝ ናት፤ አጻጻፏ ያኮራል። በጀቱ ጋ ስደርስ «የውጤት ማቅረቢያ» የሚል አገኘሁ፦ ባሕር ዳር፣ ሆቴል፣ ሁለት ቀን። ከጉና ሥር የሚመጣ ሰው የለበትም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ልጄ፣ አገናኝሻለሁ። ሁለቱን የሆቴል ቀን አንድ አድርጊውና የተረፈውን ወደ ቀበሌው አምጪው። ውጤቱን በአማርኛ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰው ተናገሪ። መጠይቁን በአረምና በአጨዳ ወቅት አታድርጊ፤ ለወሰድሽባቸውም ሰዓት የጉልበት ዋጋ መድቢ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ እዚያው የተወለዱ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ ልጆች ይሁኑ። ከየቁጥሩ ሳጥን ሥር ደግሞ ሦስት መስመር ባዶ ቦታ ተዪ።»

ወዲያው መለሰች፦ «መምህር፣ ባዶ መስመሩ ለምንድነው?»

ከላይ የጻፍኩላችሁን ሁሉ ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አማካሪዬ የሆቴሉን ነገር አይወዱትም ይሆናል፤ ግን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግን እኚያ አባት ጋ ይውሰዱኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ግን እሷን ይዤ ከመሄዴ በፊት ብቻዬን መሄድ አለብኝ። ቅዳሜ ገበያ ነው። መንገድ አልቀይርም። «አባቴ፣ ያን ቀን ያሉኝን አልጻፍኩም፤ ዜሮ ነው የጻፍኩት» እላቸዋለሁ። ቢቆጡኝም ይገባኛል።

እናንተ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በየክረምቱ ታብሌት ይዛችሁ መረጃ የምትሰበስቡ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥራው ክቡር ነው፤ አበሉም ያስፈልጋችኋል፤ ያለፍኩበት ነው። ሳጥኑ ውስጥ የማይገባ መልስ ሲነግሯችሁ ግን ጠርዙ ላይም ቢሆን ጻፉት። «እንመለሳለን» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ለአለቆቻችሁ «እንመለሳለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንዲህ ያለ ዜሮ የጻፈ ካለ ከታች ይጻፍልኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ እገምታለሁ።