አልነጋም

በልጅነታችን ከተጫወትናቸው ጨዋታዎች መካከል ሕጉ ጥብቅ፣ ዳኛው ግን የማይታይ የነበረው ድብብቆሽ ነው። አንዱ ልጅ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል። ሌሎቹ መሸሸጊያ ፍለጋ እየተሯሯጡ «አልነጋም!» ብለው ይመልሱለታል። ደግሞ «ኩኩሉ!»፣ ደግሞ «አልነጋም!»። ሁሉም ስፍራ ስፍራውን ከያዘ በኋላ ብቻ «ነጋ!» ይባላል። ልብ ብለን ያየነው እንደሆነ የዚያን ልጅ ዓይን ያሰረው ጨርቅ አልነበረም። በጣቶቹ መሐል አጮልቆ ለማየት የሚያግደው ኃይልም የለም። ሆኖም አያይም። የማያየው ቅጣት ፈርቶ ሳይሆን፣ ያየ ዕለት ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ እንደሚቀር ስለሚያውቅ ነው።

ይህን ቁም ነገር የተረዳሁት በልጅነቴ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛና ቴአትር አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አስተማረኝ።

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት በዚያ ወቅት፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ ቤት ከዋሉ ወዲህ ከእንግሊዝኛ በቀር ከአፋቸው የሚወጣ የለም። እባክህ በስልክ ተረት ንገርልኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። በሦስተኛው ምሽት ግን ታላቂቱ ልጅ፣ በጨዋ አነጋገር፣ «አጎቴ፣ ተረትህ ደስ ይላል፤ ግን ሁልጊዜ የምታወራው አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። ከታናሽ ወንድሟና ከሁለት የጎረቤት የሐበሻ ልጆች ጋር የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ እንዳለ፣ መሪ እንዳጡ፣ እኔ ብመራቸው በአማርኛ ለመጫወት ፈቃደኞች እንደሆኑ ነገረችኝ። ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደርሰውት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በሦስት ትናንሽ መጻሕፍት መልክ በአንድ ሣጥን ተሽጎ ታተመ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥርና እሱን ሆኖ ይናገራል። መሪው የሚታየውንና የሚሰማውን ይገልጻል፤ ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ አጠራጣሪውን ነገር ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወስናል። ለቴአትር ሰው በአጭሩ ልግለጸው ካልኩ፣ ጽሑፉ ያልተጻፈለት፣ ተመልካቹም መድረክ ላይ የወጣበት ተውኔት ነው።

በዚህ ተውኔት ውስጥ የመሪው ትልቁ ኃላፊነት ያልታየውን መጠበቅ ነው። ይህም ጨዋታውን ራሱን የሚቀድም ልማድ ነው። የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው የጦርነት መለማመጃ ጨዋታ ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛውም ተቃራኒው ወገን በእርግጥ ሊያየው የሚችለውን ጦር ብቻ በካርታው ላይ ያኖራል። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሪም ከዚህ ዳኛ የወረሰው ብዙ ነው። ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የመሪዎች መመሪያ፣ መጽሐፉን ይዞ የሚገኝ ተጫዋች የክብር ሞት እንኳ እንደማይገባው ቀልድና ቁም ነገር ቀላቅሎ አስጠንቅቋል። በዚያው ዓመትም መሪው ካርታውንና ማስታወሻውን የሚሸሽግበት የካርቶን ግርዶሽ ታትሞ ለገበያ ቀረበ።

እኔ ያደግኩት በገበጣ ነው። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ ከሁለቱም ተጫዋቾች ዓይን ሥር ነው፤ የሚሸሸግ ነገር ቢኖር የተጫዋቹ ሐሳብ ብቻ ነው። እንቆቅልሽ ግን ሌላ ነው። «እንቆቅልህ» ያለው ሰው መልሱን ይዟል፤ «ምን አውቅልህ» ያለው አያውቅም። መልሱን ለማግኘት አገር ይሰጣል። ጎንደርን የሚያህል አገር ለአንዲት ቃል ይሰጣል! ያቺ ቃል አስቀድማ ብትታይ ግን አገር ይቅርና አንዲት ጎጆ የሚሰጥባት ሰው አይገኝም። የአዲሱ ጨዋታ መሪም ከዚህ ጠያቂ የተለየ አይደለም ብዬ ገባሁበት።

ማኅበራችን የተመሠረተው በበይነ መረብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በእነሱ ቀትር ግድም ነው፤ አምስታችንም በየኮምፒውተራችን ፊት እንቀመጣለን። በዚህ ጊዜ የካርቶኑ ግርዶሽ አገልግሎቱ ያበቃል። በምትኩ ለዚሁ የተሠሩ የኮምፒውተር አገልግሎቶች ሌላ ዓይነት መጋረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ሮል ትዌንቲ ለመሪው ብቻ የሚታይ ንጣፍ በካርታው ላይ ይዘረጋል፤ ሽፍታው ከቋጥኙ ኋላ ቆሞ ሳለ ተጫዋቾቹ ቋጥኙን ብቻ ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፋውንድሪ ደግሞ ለእያንዳንዱ ነገር ማን ጨርሶ እንዳያይ፣ ማን በከፊል እንዲያይ፣ ማን ሁሉን እንዲያይ፣ ማን እንደ ራሱ ንብረት እንዲያዝበት ደረጃ ያወጣል።

መጋረጃው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው መሪው ራሱ ለፈጠረው ነገር ነው። በታተሙት መጻሕፍት ያለውን አውሬና ቅርስ ማንም ተጫዋች ገዝቶ ሊያነበው ይችላል። በእርግጥ የማይታወቀው መሪው ከራሱ ልብ ያወጣው ብቻ ነው። ያንን ወደ ኮምፒውተሩ ሲያስገባው ስሌቱ ይቀልለታል፤ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምስጢሩ በራሱ ደብተር ሳይሆን ሌሎችም ቁልፍ ባላቸው ጎተራ ውስጥ ያድራል።

እኔ የፈጠርኩት ዓለም የአምባና የአሞሌ ጨው ነጋዴዎች ዓለም ነበር። ልጆቹ በሩ በክህደት ተከፍቶ የጠፋን አንድ አምባ ሕዝብ ይፈልጋሉ። መንገዱን የሚመራቸው አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ነው። ይህ አዝማሪ በአማርኛ ካልሆነ ለማንም አይመልስም። ዘዴዬ ግልጽ ነበር። ታላቂቱ ገና ከጅምሩ ገባትና ሳቀች። ትንሹ ልጅ ግን አዝማሪውን በእርግጥ ወደደው። የእሱ ገጸ ባሕርይ እረኛ ነበር፤ ከአዝማሪው ጎን እየሄደ ይጠይቀዋል፤ ቃል ሲያጣ አዝማሪው ያውሰዋል። መስከረም ላይ ሰምና ወርቅ ልሞክር ብሎ ሁለት ስንኝ ይዞ መጣ። ስንኙ ያነክስ ነበር፤ ወርቁም ከሰሙ ገና አልተለየም። እኔ ግን በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ካረምኳቸው ድርሰቶች ሁሉ እንደዚያ ያስደሰተኝ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ምስጢሩ ይህ ነበር፦ የአምባውን በር በአሞሌ የሸጠው ያው አዝማሪ ነው።

ኅዳር 2013 ዓ.ም. ለታላቂቱ ገጸ ባሕርይ አንድ ጋሻ ሠራሁ። ሁሉም እንዲያዩት ብዬ እንጠቀምበት በነበረው አገልግሎት ላይ «አጋራ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ያጋራሁት ጋሻውን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የተከፈተው ግን ጎተራው በሞላ ነበር። ትንሹ ልጅ ጋሻውን ሊያይ ገብቶ ከዝርዝሩ ውስጥ የሚወደውን ስም አገኘ፤ ከፈተው፤ አነበበው።

ይህን እኔ አላወቅሁም። ያወቅሁት ልጁ ዝም ማለቱን ብቻ ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ እረኛው ከአዝማሪው ርቆ ከኋላ መሄድ ጀመረ። ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ሰለቸው፣ የዕድሜው ጠባይ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በአንድ ረቡዕ ብቻውን ደወለልኝ።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ብነግርህ አትቆጣም?»

«አልቆጣም።»

«አዝማሪው ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ለእነሱ አልነገርኩም። ግን ከእሱ ጋር ማውራት አቃተኝ።»

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ለምን ከፈትከው?» የሚል ነበር። ፈተና ተሰርቆበት ተማሪ እንደሚያፋጥጥ መምህር ተናገርኩ። ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው የማፈርኩት። በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ያደረገው በተከፈተ በር መግባት ብቻ ነው። ገብቶም ሳለ ያየውን ለጓደኞቹ አላወጣም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻውን ተሸከመው። ለአዋቂ የሚከብደውን ምስጢር በልጅ ትከሻ ላይ ጥዬ፣ ሸክሙ ሲያጎብጠው ሰለቸው ብዬ ነበር።

ግለ ሂስ ማድረግ የሚገባኝ እኔ ነበርኩና አደረግሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም ምስጢር ማለት አንድ ዓይነት ነገር ብቻ አለመሆኑን ለራሴ ማሰላሰል ጀመርኩ። ፈተናን የምንሸሽገው ለመመዘን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መረጃ የሚሸሽግ ሹም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሽገው ሥልጣኑን ለመጠበቅ ነው። ወላጅ ለእንቁጣጣሽ የገዛውን ልብስ ከሣጥን ሥር የሚሸሽገው ግን ሊሰጥ ነው። ልጁ ከሣጥኑ ቢያገኘው ልብሱ አይጠፋበትም፤ የሚጠፋበት የበዓሉ ጧት ነው። የጨዋታ መሪ ምስጢር ከዚህኛው ወገን ነው። ከመጀመሪያውም ንብረትነቱ የተጫዋቾቹ ነው፤ መሪው ቀኑ እስኪደርስ ባለ አደራ ብቻ ነው። እኔ ግን ራሴን እንደ ባለ ንብረት ቆጥሬ ስለ ነበር፣ ልጁን እንደ ሌባ ለማየት ቸኮልኩ።

«ከፈለግህ እቀይረዋለሁ፤ በሩን የሸጠው ሌላ ሰው ይሁን» አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ «አትቀይረው። እንዲያ ከሆነ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። እኔ እንደማላውቅ ሆኜ እጫወታለሁ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ለተዋናይ ተማሪዎቼ ለዓመታት ስደጋግመው የኖርኩት ትምህርት ይህ ነበር። ተዋናዩ የተውኔቱን ፍጻሜ በልምምድ ያውቀዋል፤ ገጸ ባሕርዩ ግን አያውቀውም፤ ጥበቡም የሚያውቀውን ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ አካል ማኖር ነው። ብዙዎች ዓመት ሙሉ ተምረው የሚቸግራቸውን ይህን ነገር ልጁ ከፍቅሩ የተነሣ በራሱ ደረሰበት። በዚያ ምሽት ስለ ኩኩሉ አጫወትኩት። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሜው ጨዋታ በፊት በስልኬ አንዲት ቃል ትደርሰኛለች፦ «አልነጋም»።

በበኩሌ ጥንቃቄ ተማርኩ። ይህን ለሚሞክሩ መምህራን ይጠቅም ይሆናልና እነግራቸዋለሁ። ታሪኩን የሚገለብጠውን ቃል ከወረቀት ደብተሬ አላወጣውም፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ለስሌት የሚያስፈልገው ቁጥር ብቻ ነው። ምስጢር ያለበትን ቅርስ «አሮጌ ቀለበት» በሚል ተራ ስም አስገባዋለሁ፤ እውነተኛ ስሙን የሚያገኘው ልጆቹ ሲደርሱበት ነው። የሥዕሉን የፋይል ስም ሳይቀር እመረምራለሁ፤ «ከዳተኛው» ተብሎ የተቀመጠ ሥዕል ምንም ደግ ፊት ቢኖረው ራሱን ያጋልጣልና። ለተጫዋቾች የማጋራውንና የማላጋራውን በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች አኖራለሁ። ከሁሉም በላይ፣ ለራሴ አንድ የተጫዋች አካውንት ከፍቻለሁ፤ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት በእሱ እገባና ልጆቹ የሚያዩትን በልጆቹ ዓይን አያለሁ። አዘጋጅ ከመድረኩ ወርዶ ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ካልተቀመጠ መጋረጃው ክፍተት እንዳለው አያውቅም።

ይሁን እንጂ መጋረጃው የቱንም ያህል ቢጠብቅ የሚያጮልቅ አይጠፋም። ምስጢራችንን በመጨረሻ የጠበቀው የኮምፒውተሩ ቁልፍ አልነበረም፤ የአንድ ልጅ ፈቃድ ነበር።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ታላቂቱ በአዝማሪው ጓዝ ውስጥ የአምባው ምልክት ያለበትን አሞሌ አገኘች። የሦስቱ ልጆች ቁጣ ከውቅያኖስ ማዶ ተሰማኝ። ሰይፍ ተመዘዘ። ያን ጊዜ እረኛው በመካከላቸው ቆመና በጠራ አማርኛ፣ «ከመፍረዳችን በፊት ለምን እንደሸጠ እንጠይቀው» አለ። ሌሎቹ ድንገት የመጣለት ሐሳብ መሰላቸው። ስድስት ወር ያሰበበት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠየቁት። አዝማሪውም ተናገረ፤ እነሱም ሰሙት። ሰይፉ ወደ ሰገባው ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም የሚለው የእነሱ ታሪክ ነውና ለእነሱ ልተወው።

ልጁ ዛሬ በቁመት በልጦኛል፤ አማርኛውንም አልተወውም። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔት ከመስጠቴ በፊት፣ እህቱ እስከ ዛሬ የማታውቀው ነገር ስላለበት፣ ፈቃዱን ጠየቅሁት። በስልክ ሳቀና፣ «አጎቴ፣ አሁንማ ነግቷል፤ ጻፈው» አለኝ።