እናቴን ከሥራ ያስቀራት ብሩ አልነበረም

በሴፍቲኔት ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህን በጽሑፍ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ኋላም ሥራ ይዤ፣ «ለሰው በነፃ ብር ከሰጠኸው ማን ይሠራል?» የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ዝም እል ነበር። ተናጋሪው የሚያነሳው እናቴን መሆኑን አያውቅም፤ እኔም አልነግረውም። ድሃ እንደነበርን መናገር አይከብደኝም ነበር። ተረጂ ነበርን ማለት ግን ያቃጥለኝ ነበር። አሁን በብዙ አገሮች፣ መንግሥት ሀብታም ድሃ ሳይል ለእያንዳንዱ ሰው በየወሩ መሠረታዊ ገቢ ይስጥ የሚለው ሐሳብ በሙከራ እየተፈተነ ነው። ክርክሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያው ጥያቄ ላይ ስለሆነ ዝምታዬን ማቆም ፈለግሁ።

ልማታዊ ሴፍቲኔት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ድርቅ በመጣ ቁጥር እርዳታ ተለምኖ እህል ይመጣ ነበር፤ አዲሱ ፕሮግራም ግን በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ አስቀድሞ የሚታወቅ ድጋፍ ለመስጠት የታሰበ ነው። 5 ሚሊዮን በማይሞላ ሰው ጀምሮ በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን ደርሷል። ጉልበት ያለው ልማት ይሠራል፤ አቅመ ደካማው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀኑ ሒሳብ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፣ ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን፣ በዓመት ለ6 ወር። አባታችን ሞቶ ስለነበር እኛ ቤት አራት ነበርን፦ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እህቴና እኔ። በወር 120 ብር ማለት ነው። ሃያውን የሥራ ቀን እናቴና ወንድሜ ይካፈሉታል። በሰሜን ወሎ ደጋ፣ ጥርም ይሁን ሰኔ፣ ንፋስ በሚላጨው ተራራ ላይ ድንጋይ እየተሸከሙ እርከን ይሠሩ ነበር። ዛሬ ያ ተራራ ለምልሟል። ያለሙትን ሰዎች ሰነፍ የሚላቸው ሰው አንድ ቀን ቢያየው እወዳለሁ።

ይሁንና የሥራ ፍላጎት ጉዳይ በእርከን ሥራ አይፈታም፤ ያ ግዴታ ነው። ዋናው ነገር ሰው ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜው፣ በራሱ ማሳና በራሱ እጅ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ያየሁት ነገር ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱንም ለመረዳት ብዙ ዓመት ወስዶብኛል።

አንደኛው የክፍያ ቀን ነው። ብሩ በወሩ የደረሰበት ዓመት ነበር። ያን ዓመት እናቴ ከልማት ስትመለስ ቁጭ አትልም ነበር። ዶሮ ገዛች፣ እንቁላሉን ገበያ አወጣች፣ ማታ ማታ ጥጥ ፈተለች፣ ለበልግ የባቄላ ዘር ሳትበደር አዘጋጀች። ማሳችን በወቅቱ ታረመ። የጥር ወር ክፍያ ከፋሲካ በኋላ የመጣበት ዓመትም ነበር። ያን ዓመት ዶሮዎቹ ተሸጡ። ከአራጣ አበዳሪ ብር ተበደረች፤ ብሩን ለመመለስ የራሷን አረም ትታ የሰው ማሳ አረመች፤ የኛ ገብስ በአረም ተዋጠ። በሁለቱም ዓመት ሴትዮዋ ያቺው ናት፣ የተመደበላት ብርም ያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት መቼ እንደሚደርስ ታውቅ ነበር፤ በሁለተኛው ግን አታውቅም ነበር። በ2000 ዓ.ም ደግሞ የእህል ዋጋ ሲንር ብሩ በቀኑ ቢመጣም ጆንያ የሚሞላ አልነበረም፤ በመንደሩ ያለው ሁሉ «ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን» ይል ጀመር። ዋጋው በገበያ ላይ የሚቀልጥ ብርም እንደዘገየ ብር ነው፤ የነገን ነገር አይነግርህም።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። ወንድሜ አንድ ዓመት መተማ ወርዶ በሰሊጥ አጨዳ ያገኘውን ብር ይዞ መጣ፤ ጊደር እንግዛ አለ። በፕሮግራሙ ሕግ ሀብት ያፈራ ቤተሰብ ይመረቃል፣ ማለትም ከመዝገብ ይወጣል። የቀበሌው ኮሚቴ በየጊዜው እየዞረ የማን ደጅ ምን ታስሯል ብሎ ያያል። አጎቴ «ግዢ እንጂ፣ ነገ ላም ትሆንሻለች» አላት። እናቴ «ላም እስክትሆን ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ብላ መለሰችለት። በመጨረሻ ጊደሯ ተገዝታ ከአጎቴ ቤት ታሰረች። ወልዳ ስትታለብ ወተቱ የኛ ብቻ አልሆነም፤ እበቱም ለማሳችን አልደረሰም። በየመንደሩ ከብቱን ዘመድ ቤት የሚያስር፣ የቆርቆሮ ክዳን ለማልበስ የሚፈራ፣ ንግዱን በምስጢር የሚይዝ ሰው ነበር። እናቴ መሥራት ትፈልግ ነበር፤ ማደግ ግን አስፈራት፤ ምክንያቱም ከአንድ ጊደር ጋር የልጆቿ የስድስት ወር ምግብ ተያይዟል።

ምጣኔ ሀብት ያጠናሁት በዚህ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ትምህርቱ ላይ ቆይቼ ስለ ወሎ የተጻፈ ነገር ስፈልግ የአሜሪካዊውን አንትሮፖሎጂስት የፒተር ሊትልን ጥናት አገኘሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ጽሑፋቸው፣ በደቡብ ወሎ አካባቢ ገበሬው የእርዳታ ጥገኛ ሆኗል የሚለውን ወሬ መርምረው፣ እርዳታው በመጠንም በጊዜም የማይታመን ስለሆነ ገበሬው ኑሮውን በእሱ ላይ ጥሎ እንደማያውቅ አሳይተዋል። ያንን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቴ እውነት የተናገረ ሰው አገኘሁ ብዬ አለቀስኩ።

ወደ ኬንያ እንሂድ፤ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ እዚያ የተደረገው ሙከራ ነው። ጊቭ ዳይሬክትሊ የተባለ ድርጅት በሲያያና በቦሜት አውራጃዎች፣ በተመረጡ መንደሮች ለሚኖር አዋቂ ሁሉ፣ ያለምንም ቅድመ ሁኔታ፣ በወር 22 ዶላር ተኩል ገደማ በሞባይል ስልክ መላክ ጀመረ። አንዳንድ መንደሮች ለ2 ዓመት፣ ሌሎች ለ12 ዓመት እንደሚያገኙ ተነገራቸው፤ ሌሎች ደግሞ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ተቀበሉ። ኖቤል ተሸላሚው አቢጂት ባነርጂ ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን ሁለት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ሲለካ፣ በአጠቃላይ የተሠራው ሥራ አልቀነሰም። ሰዎች የቅጥር ሥራ ቀንሰው በራሳቸው ንግድ ተኩት። ከዚህ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። የ2 ዓመቱና የ12 ዓመቱ ሰዎች እስከዚያ ቀን እጃቸው የገባው ገንዘብ እኩል ነው። ሆኖም የ12 ዓመት ተስፋ የተሰጣቸው በግልጽ የበለጠ አዳዲስ ንግድ ከፍተዋል፤ በየወሩ የሚመጣውን ትንሽ ገንዘብ በእቁብ እያጠራቀሙ ትልቅ አድርገውታል። እናቴ በዚያ መልካም ዓመት ያደረገችውን ነገር መንደር ሙሉ ሰው ሲያደርገው አየሁ።

በፊንላንድ ደግሞ በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. 2,000 ሥራ አጦች በወር 560 ዩሮ ተሰጣቸው፣ ሥራ ቢያገኙም አይቋረጥባቸውም። የጊደሯ ፍርሃት ተነሳላቸው ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ከሌሎች ሥራ አጦች በአማካይ በ6 ቀን ያህል የበለጠ ሠርተዋል። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሥራ ይተዋሉ ተብለው ነበር።

የሚቃረነውንም መደበቅ አልፈልግም። በ2024 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ። በቴክሳስና በኢሊኖይ ለ1,000 ሰዎች ለሦስት ዓመት በወር 1,000 ዶላር ሲሰጥ፣ በወር 50 ዶላር ብቻ ከተሰጣቸው ሰዎች አንጻር በሳምንት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ያነሰ ሠርተዋል፤ የተረፈውንም ጊዜ በአብዛኛው ዐርፈውበታል። እውነት ነው፣ ሥራ ቀነሰ። እኔ ግን ይህንን ውጤት ሳየው እናቴ ናት ትዝ ያለችኝ። ከልማት መልስ የአበዳሪን ብር ለመመለስ የሰው ማሳ የምታርምበትን ጊዜ ብትቀንስ ኖሮ ሰነፈች እላት ነበር? አንድ ቀን ከእኛ ጋር ብትውል ኖሮ? ያ ዕረፍት ይገባት ነበር፤ ሳታገኘው አርጅታለች።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ለሁሉም መሠረታዊ ገቢ ይሰጥ እላለሁ ወይ? ዛሬ አልልም፤ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ለ100 ሚሊዮን ሰው ብቻ እንኳ በወር 500 ብር ቢሰጥ በዓመት 600 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ለ2017 ዓ.ም በጀት ዓመት በመጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት ደግሞ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን ዘግቶ ብር ማደል የሚደግፍ ሰው አይገኝም። እኔ በሕይወቴ ያየኋቸውን ሁለት ፍርሃቶች ለማንሳት ግን ያን ያህል ገንዘብ አያስፈልግም። የክፍያው ቀን አስቀድሞ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከዚያ ቀን ካለፈ የዘገየበት ይታከልበት። የክፍያው መጠን የእህል ገበያን እያየ በየዓመቱ ይሻሻል። ጊደር የገዛ ቤተሰብ ጊደሯ ወልዳ እስክትታለብ ከመዝገብ አይውጣ፤ ከወጣም በኋላ በልጉ ከቀረ በዚያው ወር ተመልሶ ይግባ፤ ይህም ቃል ለኮሚቴው ፈቃድ ሳይተው በመመሪያ ይጻፍለት።