ዋስ የሌለው ግብዣ

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ ገበያ የዋለ ሰው ከሻይ ቤት ገብቶ ዐረፍ ባለ ጊዜ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን ዘርግቶ «ጋሼ፣ እባክዎ ይህችን ይንኩልኝ» ብሎ ሳይለምነው አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙ እምብዛም የማይታወቅ አንድ ድርጅት በኢንተርኔት ገጹ ላይ ስልክ፣ ወይም የአየር ሰዓት፣ ወይም ዶላር በነጻ እሰጣለሁ ይላል፤ በለውጡም የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ወዳጅ ነው። አምስት ወይም አሥር ሰው ጋብዞ ያስመዘገበ ሁሉ ስጦታውን ይወስዳል ተብሏል። «ይህ ነገር ይታመናልን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ስለ ቀረበልን፣ የመሰለንን በዚህ ገጽ ላይ ለመግለጽ ወደናል።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ወዳጅ ይዞ ለመጣ ስጦታ መስጠት በራሱ ማታለል አለመሆኑን መናገር ይገባናል። ነጋዴ ለጋዜጣና ለራዲዮ ማስታወቂያ ሊያወጣው የነበረውን ገንዘብ ለደንበኛው ሰጥቶ፣ ደንበኛው ራሱ ስለ ሸቀጡ እንዲያወራለት ቢያደርግ ነውር የለበትም። ፔይፓል የተባለው የአሜሪካ የገንዘብ ማስተላለፊያ ኩባንያ ገና ሲጀምር፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ግድም፣ ለአዲስ ገቢው 10 ዶላር፣ ለጋባዡም 10 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ ቆይቶ ወደ 5 ዝቅ አደረገው፤ ኋላም ተወው። ድሮፕቦክስ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ተጨማሪ የሰነድ ማስቀመጫ ቦታ ለሁለቱም ወገን ይሰጥ ነበር። እነዚህ የሚሸጡት አገልግሎት በግልጽ የሚታይ፣ ስማቸውም የታወቀ ነበር፤ ስጦታቸውም ትንሽ ነበር። ትንሽነቱ እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ መልካም ምስክር ሊቈጠር ይገባል፤ ከአንድ ደንበኛ የሚያገኘውን ትርፍ የሚያውቅ ነጋዴ ከትርፉ አብልጦ የሚሰጥበት ምክንያት የለውምና።

ይሁን እንጂ ስጦታው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ግብዣው የማይታመንበት ጊዜ አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ከተማ የሚገኝ ግራቲስ ኢንተርኔት የተባለ ድርጅት፣ በዚያን ዘመን ወጣቱ ሁሉ ይመኘው የነበረውን አይፖድ የተባለ የሙዚቃ ማጫወቻ በነጻ አድላለሁ ብሎ ተነሣ። ፈላጊው ከቀረቡለት የንግድ ማስታወቂያዎች በአንዱ ይመዘገባል፤ ከዚያም እንደ እርሱው የሚያደርጉ አምስት ወዳጆችን ያመጣል። ብዙዎች ማጭበርበር ነው ሲሉ፣ ዕቃው በእውነት ከየደጃፉ ይደርስ ጀመር፤ ጋዜጦችም መሰከሩለት። ታዲያ በማርች 2006 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሊዮት ስፒትዘር ድርጅቱን ከሰሰው። የክሱም ፍሬ ነገር ስጦታውን አስቀረ የሚል አልነበረም፤ አልሸጥም ብሎ ቃል የገባበትን የሚሊዮኖች ሰዎች ስምና የኢሜይል አድራሻ ለማስታወቂያ ላኪዎች አሳልፎ ሸጧል የሚል ነበር እንጂ። ከገዢዎቹ አንዱ የሆነው ዳትራን ሚዲያም በዚያው ወር 1.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩን በዕርቅ ጨረሰ።

እንግዲህ «ይታመናልን?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ስጦታው ይደርሰኛልን?» ማለቱ ነው። እኛ ግን ጥያቄውን ወዲያ ማዞር እንወዳለን፤ ስጦታው ቢደርስህ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? በአይፖዱ ታሪክ ከፋዮቹ እነዚያ አምስት ወዳጆች ነበሩ፤ ጋባዡም ሳያውቀው የወዳጆቹ ሻጭ ሆኖ ነበር።

ጭራሹን ስጦታ የሌለበት ግብዣ ግን ብዙ ቃል አያሻውም። በ2018 እ.ኤ.አ. አዲዳስ ጫማ በነጻ ያድላል የሚል መልእክት በዋትስአፕ ዓለምን ዞረ። በአድራሻው ላይ የኩባንያው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከፊደሎቹ አንዲቱ ነጥቧ ጐድሎ ነበር፤ ይህችን ነጥብ ያላየ ሰው ጥቂት ጥያቄ መልሶ መልእክቱን ለወዳጆቹ እንዲልክ ታዘዘ። ጫማ ግን አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ብሂል በአንዲት ነጥብ ላይ እንደሚሠራ ማን ያስብ ነበር!

ገንዘብ አስቀድሞ የሚያስከፍለው ዓይነት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የኋለኞቹ ክፍያ ለፊተኞቹ ይታደላል እንጂ ሌላ ምንጭ የለውምና። አንባቢ ራሱ እርሳስ ይዞ ይቍጠር። አንድ ሰው 5 ቢጋብዝ፣ እነዚያም እያንዳንዳቸው 5 ቢጋብዙ 25፣ ከዚያ 125፣ 625፣ 3125፣ 15625 እያለ ይሄዳል፤ በሰባተኛው ዙር ብቻ 78125 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቈጠር የሆሳዕና ከተማ ነዋሪ 69995 ነበር። ከተማዪቱ ከዚያ ወዲህ ማደጓ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚጋበዝ ሰው የሚያልቀው ሕፃኑም ሽማግሌውም ሳይቀር ተመዝግቦ ሳይሆን ገና ከዚያ በፊት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሀዲያና የከምባታ አገር ጉዳይ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በዚህ አገር ሰውን ወደ ማኅበር መጋበዝ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። ዕቁብ የሚገባ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዕጣው ደርሶት ገንዘቡን ከበላ በኋላ መጣሉን ቢያቋርጥ ዳኛው ዋሱን ይይዛል፤ ዋሱም ከኪሱ ይከፍላል። የሀዲያ ሴቶች ዊጆ በሚሉት የቅቤ ማኅበር ደግሞ፣ እያንዳንዷ ሴት ከቤቷ ያወጣችው ቅቤ በጎረቤቶቿ ፊት ይሰፈራል፤ ተራው የማን እንደ ሆነም ሁሉም ያውቃል። ጋባዥ ማለት በዚህ አገር ቋንቋ ዋስ ማለት ነው። አዲሱ የስልክ ግብዣ ግን ነገሩን ገልብጦታል። ጋባዡ ሽልማት ይቀበላል እንጂ ዕዳ አይቀበልም፤ ተጋባዡ ቢጐዳ የሚጠየቅ ዳኛ የለም፤ የድርጅቱም ደጃፍ የት እንደ ሆነ አይታወቅም። ተጋባዡ ግን የቀድሞው ልማድ አልለቀቀውምና፣ የጎረቤቱን ልጅ ስም ባየ ጊዜ ዋስ ያገኘ መስሎት ይገባል።

ይህ መተማመን ባሕር ማዶም ይሻገራል። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። የእናት ስልክ ሲጮኽ የልጇ ድምፅ፣ ከድምፁም ጋር የቤት ክዳን ቆርቆሮና የታናናሾቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል። በዚያው ስልክ፣ ከዚያው ልጅ ስም «ይህን ተጭነሽ ለአሥር ሰው ላኪ» የሚል መልእክት ቢደርሳት፣ እርሷ የምታምነው ድርጅቱን ሳይሆን ልጇን ነው። ልጁ ግን መልእክቱን የተቀበለው ከሌላ ሰው ነው፤ ያም ከሌላ። አንዳንዴም ላኪው ልጁ ሳይሆን የልጁን ገጽ የሰረቀ ሰው ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘቧ እዚያው ስልኳ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ለስጦታ ማስረከቢያ ተብሎ ምሥጢር ቍጥሯን የተጠየቀች እናት የሳጥኗን ቍልፍ እንደ ተጠየቀች ልታውቀው ይገባል።

ወጣቶቹ በበኩላቸው ኖትኮይንን ይጠቅሱልናል፤ አባባላቸውም ከንቱ አይደለም። ኖትኮይን በቴሌግራም ላይ ስልክን በጣት እየነካኩ የሚጫወቱት ጨዋታ ሲሆን፣ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጫዋቾቹ ሊሸጥ ሊለወጥ የሚችል ዲጂታል ገንዘብ በእውነት አድሏል። ለሚከተለው በር የከፈተውም ይኸው እውነት መሆኑ ነው። ወዲያው ሃምስተር ኮምባት የተባለው ጨዋታ ተከተለ፤ በዚህኛው ሰው የጋበዘ ነጥብ ይጨመርለት ነበር። ባለቤቶቹ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለን አሉ። በየከተማችን ተማሪው ደብተሩን አጥፎ፣ ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ስልኩን ሲነካ ከረመ፤ ጓደኛ ያለቀበት ወጣትም አጐቱንና አክስቱን አስመዘገበ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ አይደለምን? ብንል ግን ተሳዳቢ እንባላለን፤ ሥራ ላጣ ወጣት በሰማይም ያለች ላም ላም ናትና፣ ተስፋውን ማላገጫ ማድረግ አይገባም።

የዕደላው ቀን ተቈርጦ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ። ድርሻ የተሰጠው ከ300 ሚሊዮኑ 131 ሚሊዮን ለሚሆኑት ብቻ ነበር፤ የአንዱም ዲጂታል ገንዘብ ዋጋ በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ዙሪያ ዋለ። ለወራት እንቅልፉን ላጣው ለብዙው ተጫዋች የደረሰው ጥቂት ዶላር ነው። ያም ቀን የደመራ ዕለት ነበር። ሀዲያው ለያሆዴ፣ ከምባታውም ለመሳላ ቤቱን ጠርጎ፣ ቡላና ቅቤውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ወጣቶቹ ስልካቸውን እየከፈቱ በሚዘጉበት በዚያው ሰፈር፣ ዓመቱን ሙሉ ለሰንጋ መግዣ ሲያዋጡ የቈዩ አባወራዎች ተሰብስበው፣ ቅርጫው በቅጠል ላይ ተደልድሎ፣ የእያንዳንዱ ስም እየተጠራ ድርሻውን ያነሣ ነበር።