ከጓንዡ እስከ ሻሸመኔ፦ ሕፃናት ይዞ ስለ መጓዝ

አንድ ቃል ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። አንድ ሰው ለሥራ ከውጭ ወደ አገራችን ሲመጣ «ኤክስፐርት» ይባላል፤ ከእኛ አንዱ ለሥራ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ስሙ «ስደተኛ» ነው። ሁለቱም ሻንጣ አንጠልጥለዋል፤ ሁለቱም የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ነው የወጡት፤ የሁለቱም እናት ማታ ማታ ስልክ ትጠብቃለች። ቻይናዎች ይህን የማዕረግ ነገር ደብቀው አልያዙትም፤ ከ2017 ጀምሮ በአገራቸው የሚሠራውን የውጭ ዜጋ ሁሉ ኤ፣ ቢ እና ሲ ብለው በሦስት ደረጃ ከፍለው ፈቃድ ይሰጡታል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የቻይናን በዓል ከእኛ ጥር ጋር ለማስታረቅ እንዳልቸገር።) እኔ ከሦስቱም አልነበርኩም። ባለቤቴ በ2015 ለሦስተኛ ዲግሪ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝታ ወደ ጓንዡ ስትሄድ፣ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጃችንን አዝዬ የተከተልኳት «የተማሪ ባል» ነበርኩ። ቪዛዬ ሥራ መሥራትን ይከለክላል። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ልጅ ማሳደግ ሆነ።

ስለ ቻይና በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ብድር፣ ስለ መንገድና ስለ ፋብሪካ ነው። እኔ ግን ቻይናን ያወቅኋት በመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት በሠፈራችን መናፈሻ የሚገኙት አያቶችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ሐበሻ አባት። እነዚያ አሮጊቶች እንዴት እንደሚቆጡ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የልጄ እግር ካልሲ ካላደረገ ቁጣ ነው፤ ሆዷ ከተገለጠ ቁጣ ነው፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ስትጠጣ ያገኟት ዕለት ነው። እዚያ አገር ውኃ ማለት የፈላ ውኃ ነው። በባቡር ጣቢያ፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ የፈላ ውኃ የሚቀዳበት ማሽን የሌለበት ቦታ የለም፤ ሰዉም ፔርሙዙን ይዞ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ልጄ አፏን የፈታችው በአማርኛ ቢሆንም «ካይሽዌይ» የሚለውን ቃል፣ የፈላ ውኃ ማለት ነው፣ የተማረችው ከአሥረኛው ቃሏ በፊት ይመስለኛል።

ፀጉሯን ሳይጠይቁ የሚነኩ ነበሩ። ፎቶግራፍ ሊያነሷት የሚከቡን ነበሩ። በሜትሮ ውስጥ አጠገባችን ያለው ወንበር ባዶ ሲቀር ያየሁባቸው ቀናትም ነበሩ፤ ልጄ «ለምን አይቀመጡም?» ብላ ስትጠይቀኝ «እኛ እንድንለጠጥ ነው» እላት ነበር። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለስሞታ አይደለም፤ አዳማ ውስጥ አንድ እስያዊ ሲያልፍ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ የሚከተሉትን ልጆች የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ኮሪያዊም ይሁን ጃፓናዊ፣ ለእኛ ልጆች ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዞው ልግባ። በ2019 ጥር መጨረሻ፣ የቻይና አዲስ ዓመት ዕረፍት ሲመጣ፣ አምስት ዓመት የሞላትን ሴት ልጄንና ጓንዡ ውስጥ የተወለደውን ታናሽ ወንድሟን ለአያቶቻቸው ለማሳየት ወደ አገር ቤት ይዘናቸው መጣን። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በ2014 ተከፍቷል፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እኔ ግን በባቡር እንሂድ አልኩ። ሕፃን ለያዘ ሰው ባቡር ይሻላል፤ ልጅ ይንቀሳቀስበታል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሚያንቀሳቅሱት አብዛኞቹ ባለሙያዎች ቻይናውያን ነበሩ (ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ የተረከበው በ2024 ነው)።

ከለቡ ጣቢያ ገና እንደተነሳን ልጄ ባዶ ፔርሙዟን ይዛ በፉርጎው መተላለፊያ የውኃ ማሽን ፍለጋ ወጣች። ወንበሩ፣ መስኮቱ፣ ምልክቱ ሁሉ እንደለመደችው ነውና ማሽኑም የት እንደሚሆን የምታውቅ መስሏታል። ስከተላት ከአንድ ቻይናዊ ቴክኒሻን ጋር ቆማ አገኘኋት። ሰውዬው ከራሱ ፔርሙዝ እየቀዳላት ነበር፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። በቋንቋው ያናገረችው ሐበሻ ሕፃን ድንገት ከፊቱ መቆሟ ያስደነገጠው መሰለኝ።

«ሹሹ»፣ ማለት አጎቴ፣ «ልጅ አለህ?» አለችው።

አለችኝ አላት። ሄናን ውስጥ ከአያቷ ጋር ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ካየኋት ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። በቻይና ያ ቀን ለሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ለማስረዳት፣ ገናን፣ ፋሲካንና መስቀልን በአንድ ሌሊት አድርጋችሁ አስቡት፤ አገሩ በሙሉ ወደ ወላጆቹ ቤት የሚጎርፍበት ቀን ነው።

«ለምን አላመጣሃትም?»

«እዚህ ትምህርት ቤት የለም።»

ልጄ ቻይናዊው የዋሻት ይመስል ዞራ አየችኝ። «አያቴ ጋ ትምህርት ቤት አለ አይደል?» አለችኝ በአማርኛ። አለ፤ እናቴ ቤት ፊት ለፊት ነው። ለሰውዬው ግን አልተረጎምኩለትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ስለ ቻይናውያን ሠራተኞች ሲወራ «በካምፕ ተዘግተው ነው የሚኖሩት፤ ከሰው አይቀላቀሉም» ይባላል፤ እውነትነት አለው። የማይወራው ግን ካምፑ ውስጥ ሕፃን አለመኖሩ ነው። ቻይና ውስጥ ወላጆቻቸው ለሥራ ርቀው ሲሄዱ በገጠር ከአያት ጋር የሚቀሩ ልጆች «ወደ ኋላ የቀሩ ሕፃናት» የሚል መጠሪያ ወጥቶላቸዋል። በ2013 የወጣ የሴቶች ፌዴሬሽን ጥናት ቁጥራቸውን ከ61 ሚሊዮን በላይ አድርሶት ነበር፤ በ2016 መንግሥት ባካሄደው ቆጠራ ግን 9 ሚሊዮን ያህል ሆኑ። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ስላገኙ አልነበረም፤ ትርጓሜው ተለውጦ ነው። ቀድሞ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ የራቀበት ልጅ ሁሉ ይቆጠር ነበር፤ በኋላ በመሠረቱ ሁለቱም ያልኖሩት ብቻ ተቆጠሩ። ስታትስቲክስ በእጁ የያዘ መንግሥት ምን ማድረግ እንደሚችል የእኛ አንባቢ አይጠፋውም።

ከአርሲና ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወደ ሳዑዲና ወደ ቤሩት የሄዱት እናቶች ልጆችስ ምን ተባሉ? በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ላይ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ በቴሌቪዥን ያየነው የአውሮፕላን ማረፊያውን ሰልፍ ነበር። አያት ጉያ ተደብቆ እናቱን «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» ያለውን ሕፃን ማንም አልቀረጸውም። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ በእናቴ ሠፈር እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

አዳማ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ከዚያ ባጃጅ ያዝን። እናቴ እስከ ዛሬ ከተማዋን «ናዝሬት» ነው የምትላት፤ ባጃጅ ነጂው «አዳማ» ይላል። የቀድሞ ስሟ በይፋ የተመለሰላት በ2000 ነው፤ በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ዋና ከተማ ተባለች፤ በ2005 ደግሞ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ልጄ ሁለቱንም ስም ሰምታ «ሁለት ከተማ ነው እንዴ?» አለች። አያቷ «አንድ ናት፤ ጠሪዋ ነው ሁለት» ብላ ገላገለችን።

በማግስቱ ወደ ወንጂ ወረድን። ወንጂን ያነሳሁበት ምክንያት አለኝ። «ኤች ቪ ኤ» የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ነጻነት በኋላ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ የመጀመሪያውን ስኳር ያመረተው በ1954 እዚህ ነው፤ እስከ 1975 ውርስ ድረስም ቆይቷል። እነዚያ ሆላንዳውያን ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ነው የመጡት። ስለዚህ በዚህ ሸለቆ የውጭ ዜጋ ቤተሰብ ኑሮ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሸንኮራው መካከል የሮጡ የሆላንድ ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ኩባንያውን የሚያሞግሱ ሽማግሌዎች አሁንም ብዙ ናቸው፤ ሥርዓቱን፣ ሆስፒታሉን፣ ሰዓት አክባሪነቱን ያነሳሉ። ሲስቁ ግን ጥርሳቸውን ተመልከቱ።

ቡናማ ነው። የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራው አለት ፍሎራይድ ያነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ይፈቅዳል፤ በወንጂ አካባቢ ከነበሩት ጉድጓዶች የዚህን ብዙ እጥፍ የያዙ ነበሩ። ጉዳቱ በጥርስ አያበቃም፤ ለረጅም ዓመታት የጠጣውን ሰው አጥንት ያደነድናል፣ ጀርባና አንገት እንዳይታጠፍ ያደርጋል፤ በወንጂ ሠራተኞች ላይ የታየው ይህ በሽታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ጥርስን የሚያበላሸው ደግሞ በሕፃንነት፣ ቋሚው ጥርስ ድድ ውስጥ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ከስምንት ዓመት ዕድሜ በፊት ማለት ነው። ልጆቼ አምስትና ሁለት ዓመታቸው ነበር።

የጓንዡ አሮጊቶች ጥበብ እዚህ ላይ ነው የሚያልቅበት። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። ልጄ ግን ካይሽዌይ ካልሆነ አልጠጣም ብላ አለቀሰች። ስለዚህ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ የታሸገ ውኃ እየገዛን፣ በየሆቴሉ ወጥ ቤት እየለመንን እያስፈላን ተጓዝን። መቂ ላይ ያስተናገደችን ሴት የታሸገ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ስገለብጥ አይታ፣ «ይሄ እብድ ነው» በሚል ዓይን አየችኝ። ምክንያቱን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና የራሷን ልጅ ጠርታ አፉን ከፈተችልኝ። ሰባት ዓመቱ ነው። አዲስ የወጡት የፊት ጥርሶቹ እንደ ኖራ ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ነበሩባቸው። «ይሄ ነው?» አለችኝ። አዎ ከማለት ሌላ ምን እላታለሁ? የታሸገ ውኃ ግዢለት ብላት፣ የቀን ገቢዋ ለሁለት ጠርሙስ እንኳ ይበቃት እንደሆነ አላውቅም። እኔ በሳምንቱ መጨረሻ ወጥቼ እሄዳለሁ፤ «ኤክስፐርት» መሆን ማለት ይህ ነው፣ ከውኃው መውጣት መቻል።

ባቱ (ዝዋይ) ላይ በሐይቁ ዳር አሳ ጥብስ በላን፤ ልጆቹ ከልጅ ቁመት የማያንሱት መላጣ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያዩ ምግባቸውን ረሱ። ላንጋኖ ስንደርስ ልጄ ቡናማውን ሐይቅ አይታ «ሻይ ነው?» አለች። እዚያ ሁለት ቀን ዋኘን፤ ስለ ላንጋኖ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ደስ ብሎን ነበር።

ሻሸመኔ ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 አምስት ጋሻ መሬት ለአፍሪካ ልጆች ሰጥተው ከጃማይካና ከሌላውም የካሪቢያን ደሴት ራስታዎች ቤተሰብ ይዘው መጥተው ሠፈሩ፤ ደርግ በ1975 መሬቱን ወረሰው። ልጆች ተወለዱ፤ አማርኛና ኦሮምኛ አፋቸውን ፈቱ፤ ዜግነት ግን አልነበራቸውም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 6 መሠረት በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለመሆን ከአባትና ከእናት አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት። ጓንዡ የተወለደው ልጄ የቻይና ዜግነት አላገኘም፤ ግን በእኛ በኩል ኢትዮጵያዊ ነው። ሻሸመኔ የተወለደው የራስታ ልጅ፣ ሁለቱም ወላጆቹ ከውጭ የመጡ ከሆነ፣ አገሩ ውስጥ እየኖረ እንግዳ ነበር። መንግሥት መታወቂያ ልሰጣቸው ነው ያለው በ2017 ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች መምጣት ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ። እኛ ወደዚያ ሠፈር የሄድነው ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ፍለጋ ነበር፤ አገኙም። ልጄ ረጅም ጥቅል ፀጉር ካላቸው ልጆች ጋር በአማርኛ ስትጯጯህ ዋለች። ፀጉሯን የነካት አልነበረም።

በ2019 አጋማሽ ባለቤቴ ትምህርቷን ጨርሳ አዳማ ገባን። በሚያዝያ 2020 ጓንዡ ውስጥ በኮሮና ሰበብ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባርረው ጎዳና ላይ አደሩ፤ ቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮችም ለቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። የቀድሞ ጎረቤታችን፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ደወለችልን። ባለቤቴ ለሰዓታት አነጋገረቻት፤ እኔ በልቤ «በጊዜ ወጣን» አልኩ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ አዳማና ባቱ ታወኩ፤ ሻሸመኔ ተቃጠለች፤ እንደ እንግዳ የተቆጠሩ ሰዎች፣ እዚያው የተወለዱት ጭምር፣ ከቤታቸው ወጡ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሲመለስ የመጀመሪያው መልእክት የመጣልን ከዚያችው ከጓንዡ ጎረቤታችን ነበር፤ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ የሚጠጣ ውኃስ አላችሁ ወይ የሚል።