ወራጅ አለ!

የአዲስ አበባ ሰው ለመብላት ከከተማ ሲወጣ የሚሄድበት አቅጣጫ የታወቀ ነው። ጥሬ ሥጋ ካማረው ዱከም፣ ሐይቅ እያየ መብላት ካሰኘው ቢሾፍቱ፣ ጊዜና ነዳጅ ከተረፈው ደግሞ ወረድ ብሎ ዝዋይ፣ ዓሣ። ይኼን ማንም አላስጠናውም፤ እንደ ስሙ በቃሉ የያዘው ነው። እስቲ "ሰበታስ? ቡራዩስ? ሱሉልታስ?" ብላችሁ ጠይቁት። ትንሽ ያስብና "እዚያ ደግሞ ምን ይበላል!" ይላችኋል። ሦስቱም ከመሐል አዲስ አበባ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቁ፣ በታክሲ ተሂዶ በታክሲ የሚመለስባቸው ከተሞች ናቸው።

ሰው እነዚህን ከተሞች አያውቃቸውም ማለቴ አይደለም። የሚያውቃቸው በሌላ ነው። የእኔ ዕድሜ ሰው ሰበታን በሁለት "መ" ያውቃታል፤ በ1950ዎቹ በተቋቋመው በሜታ ቢራና በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት። ቡራዩን አዲስ አበባ ውኃ በምትጠጣበት በገፈርሳ ግድብ፣ ሱሉልታን በብርዷና በሯጮቿ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዜና ነው። በ2006 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ በጥር 2008 ቀረ ተባለ፤ በ2015 ሦስቱም ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር "ሸገር ከተማ" በሚል አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። መሬት፣ ካሳ፣ ፈረሳ፣ ወሰን… ስለ እነዚህ ከተሞች የምንሰማው ሁሉ ከዚህ አይወጣም። በዜና ብቻ የምናውቀው ከተማ ደግሞ ሰው ምሳ የሚበላበት አይመስለንም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረባቸው ብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ብዙም አልጠይቅም ነበር፤ እሱንማ ሁሉም ያጠናዋል። "በሩን የከፈተችው ሴት ማን ነበረች? ለበቅሎው ገለባ ያቀረበው ልጅስ?" እላቸዋለሁ። ክፍሉ ጭጭ! በር ከፋች ሆኖ ልብ ወለድ ውስጥ መግባት እንዲህ ነው፤ ሁሉም በአንተ በኩል ያልፋል፣ ስምህን የሚይዝልህ ግን የለም። ሰበታ የጅማ በር ናት፤ ቡራዩ የአምቦና የወለጋ በር፤ ሱሉልታ የጎጃም በር።

ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ ጊዜ ተርፎኛል፤ መኪና ደግሞ የለኝም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ወይም ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ ታክሲ እሳፈርና ደስ ያለኝ ቦታ ላይ "ወራጅ አለ!" እላለሁ። ከዚያ ምሳ እፈልጋለሁ።

ምሳ መፈለግ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከአስፋልቱ ዳር መስታወት የለበሱ ሆቴሎች አሉ። ሜኑአቸው የአንድ እናት ልጅ ነው፤ ፓስታ በአትክልት፣ ጥብስ፣ ክለብ ሳንድዊች። ምግቡ ክፉ አይደለም። ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትበሉት ሰበታ ይሁን ሻሸመኔ፣ ቡራዩ ይሁን ቦሌ አትለዩትም። ታዲያ ማን ይጠየቅ?

እኔን ያስተማረኝ ሰበታ ላይ ያገኘሁት አንድ የአይሱዙ ረዳት ነው።

"ፋዘር፣ ታፔላ አያንብቡ፤ መኪና የቆመበትን ይዩ" አለኝ።

"የቱ መኪና?"

"የጭነት ነዋ! የቤት መኪናማ ስልክ ለማናገርም ይቆማል። የጭነት ሹፌር ግን ሆዱን ከታመመ ጅማ እንዴት ይደርሳል?"

በሕይወቴ ብዙ ሒስ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ አጥሮ የጠነከረ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የት እንደሚበላ የተማሩት ከመኪና ነው። ዛሬ ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው ሚሽሊን እኮ ጎማ ሠሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የመጀመሪያውን መጽሐፉን ሲያወጣ ዓላማው ባለ መኪናው ብዙ እንዲነዳና ጎማው ቶሎ እንዲያልቅ ነበር። ኮከቡ የመጣው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። የእኛ መጽሐፍ አልታተመም እንጂ አለ፤ በየረዳቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

ረዳቱ የጠቆመኝ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ረቡዕ ያደረግሁትም ሆን ብዬ ነው። የምግብ ቤት ፈተና ረቡዕና ዓርብ ነው። ቅዳሜማ ቅቤና ሥጋው የማንንም እጅ ይሸፍናል። በጾም ቀን ግን ሽሮ ብቻዋን ወጥታ ትመሰክራለች። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። ከጎኔ የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ ሦስት የፋብሪካ ልጆች አንድ ተጋቢኖ መሐል አድርገው፣ እንጀራ ብቻ እያስጨመሩ ይበላሉ። ኑሮው እንዲያ ነው የሚያስበላው። ባለቤቷ ሳትጠየቅ ከድስቱ አንድ ጭልፋ ጨመረችላቸው፤ ሒሳብ ላይ ግን አልጨመረችም።

"ሽሮው ከየት ነው?" አልኳት።

"ከበቾ ነዋ ጋሼ! ከዚህ ወዲያ ያለው ሜዳ ሁሉ ሽምብራ አይደል እንዴ?"

አዎ፣ ነው። የበቾ ጥቁር አፈር ክረምቱን ውኃ ሲተኛበት ይከርምና ዝናቡ ሲያባራ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። ጤፉም ከዚያው ነው። ቅዳሜ ተመልሼ ስሄድ ደግሞ በዚሁ ቤት ክትፎው በጣባ፣ ከቆጮና ከአይብ ጋር ቀረበ። መንገዱ ወደ ወልቂጤ የሚወርድ አይደል! ቆጮውን ይዞት የሚመጣ ይኸው መንገድ ነው። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። "የዚህ ከተማ ምግብ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። "ይህ መንገድ የት ይደርሳል?" ብሎ መጠየቅ ነው። የበር ከተማ የሚያበላው ከጀርባው ካለው አገር እየተቀበለ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሰበታ ውስጥ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። እኔ በዞርኩባቸው ቤቶች ዓሣ ስጠይቅ ግን "የለም" ነው የምባለው። ምርምሩ ገና ሳህን ላይ አልደረሰም መሰለኝ።

ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ቡራዩ ወረድኩ። የቡራዩ መንገድ በሆለታና በአምቦ አድርጎ ነቀምት ይገባል። እንግዲያው አንጮቴ አይጠፋም ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ ሳቀች።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ የመስቀል ነው! ሆቴል አይሸጥም" አለችኝና ትንሽ አስባ፣ "ከአሸዋ ሜዳ ከፍ ብሎ አንዲት አዴ አሉ፤ ከተገኘም እሳቸው ጋ ነው" አለች።

አዴ ቤት ምግብ ቤት አይደለም፤ ሳሎን ነው። ሁለት መደብ፣ አንድ ረከቦት፣ ግድግዳው ላይ የልጆች የምረቃ ፎቶግራፍ። አንጮቴው ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተፈርፍሮ በንጥር ቅቤ ታሽቶ ቀረበልኝ። ድንች ነው እንዳልል ድንች አይደለም፤ ጎደሬም አይደለም፤ እንደ ራሱ ነው። ከእኔ ሌላ ከአምቦ በኩል የመጣ አንድ ነጋዴና አንድ ሸማኔ ጎረቤት ነበሩ። ሸማኔው ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አወጣና "በዚህ ይሞክሩት" አለኝ። ዳጣ ነበር፤ የጋሞ ዳጣ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አዴ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሁሌ እንግዳ ያስለቅስብኛል" አሉ። ሒሳብ ስጠይቃቸው "ቡናው ሳይጠጣ ምን ሒሳብ አለ?" ብለው ተቆጡኝ።

አሸዋ ሜዳ የሚለውን ስም አብዛኞቻችን አጥብቀን የሰማነው በመስከረም 2011 ነው። በዚያ ወር ቡራዩና አካባቢው ሰዎች ተገደሉ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ነበሩ። አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በቁጣ በወጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው በቀሉን ያስቆሙትም ያን ጊዜ ነው። እኔ አዴ ቤት ይህን አላነሳሁም፤ እንግዳ እንዲህ ያለውን አያነሳም። ገበታ ሁሉን ያክማል ብዬ ልሰብክም አይደለም። አንድ ገበታ የቀረቡ ሰዎችም ሲጣሉ አይተናል። ግን ያቺ ብልቃጥ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ሳይ፣ ከስንት የዜና ዘገባ በኋላ ስለ ቡራዩ ገና አንድ ነገር ማወቄ ነበር፤ የሸማኔው ኪስ ውስጥ ዳጣ እንዳለና አዴ ያንን እንደሚያውቁ።

የቀረችኝ ሱሉልታ ናት። እንጦጦን ተሻግራችሁ ስትወርዱ ሜዳው ይዘረጋል፤ ነፋሱም አብሮ ይቀበላችኋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ያልፋል፤ ሯጮቹ የሚወዱትም ለዚሁ ነው። መንገዱ በጫንጮና በፍቼ አድርጎ አባይን ይሻገራል። መንገዱ ሰላሌ ነው ማለት ነው፤ ሰላሌ ደግሞ ወተት ነው። የአዲስ አበባ ሕፃን ባያውቀውም ያደገው በዚህ መንገድ በሚመጣ ወተት ነው።

እዚህ ደግሞ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ላም አትጾምም፤ ገዢ ግን ይጾማል። ወተቱ ዋጋ ያጣና ይናጣል፣ ቅቤ ይሆናል። ስለዚህ የሄድኩት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። በአንድ የወተት ቤት የገብስ ጭኮ በእርጎ በላሁ። እርጎው በማንኪያ የሚቆረጥ፣ የዕቃው ጢስ የሚሸተው ነው። ከዚያ በኋላ ነው የለመድኩትን ጥያቄ የጠየቅሁት።

"አዴ፣ ወተቱ ከየት ነው?"

"ከጫንጮ ነው የሚመጣልኝ" አሉ ሴትዮዋ። "ድሮ የራሴ ሦስት ላሞች ነበሩኝ።"

"ምን ሆኑ?"

"የት ይጋጡ?" አሉና በመስኮቱ በኩል ጓሮውን አሳዩኝ። ግጦሽ የነበረው ሜዳ በብሎኬት ተሸንሽኖ፣ ከፊሉ ቪላ ቆሞበት፣ ከፊሉ ባዶውን በቁልፍ ተዘግቶ ይታያል። "ካሳው ይኼን ቤት ሠራ። ቤቱ ጥሩ ነው፤ አይከፋኝም። ቤት ግን አይታለብም።"

ያቺ ንግግር ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። ሴትዮዋ እያማረሩ አልነበረም፤ ሒሳብ ነው የነገሩኝ። ከተማ አይስፋ የሚል ክርክር የለኝም፤ እኔም የምኖረው በአንድ ወቅት የማን እርሻ እንደነበረ በማላውቀው መሬት ላይ ነው። ብዙ ሰው ቤት ይፈልጋል፤ ቪላውም ኮንዶሚኒየሙም የሰው ልጅ መኖሪያ ነው። ነገር ግን በሦስቱም ከተሞች "ከየት ነው?" ብዬ ስጠይቅ የሰማሁት መልስ ምግቡን ከአፈሩ ጋር የሚያያይዝ ነው። ሽሮዋ የምትጣፍጠው ሽምብራው ከጎረቤት ሜዳ ስለሚመጣ ነው። እርጎው እርጎ የሆነው ላሟ ቅርብ ስለነበረች ነው። ሜዳው ሲሸሽ መጀመሪያ የሚታወቀው በማዘጋጃ ቤት ካርታ አይደለም፤ በድስት ነው። ኪራዩ ይጨምራል፣ ወተቱ ይርቃል፣ ባለ ሽሮዋም አንድ ቀን ያችን ነፃ ጭልፋ መቁጠር ትጀምራለች። ሦስቱ የፋብሪካ ልጆች ደግሞ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም።

እና "እዚያ ደግሞ ምን ይበላል?" ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። ሰበታ ረቡዕ ሂድ፤ የጭነት መኪና የቆመበት ግቢ ግባና ተጋቢኖ ብላ። ቡራዩ ስትደርስ አስተናጋጇ እስክትስቅብህ ድረስ ጠይቅ፤ ከሳቀች በኋላ ነው እውነተኛውን ቤት የምትነግርህ። ሱሉልታ ከፋሲካ በኋላ ሂድ፤ ሹራብ አትርሳ። በሦስቱም ቤት ምግቡ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። ብቻ ብዙ አትቆይ።

እኔ ባለፈው ወር ሱሉልታ ወርጄ ነበር። እርጎው ያው ነው፤ ጭኮውም ያው ነው። ወተቱ ከየት እንደሆነ ስጠይቅ ግን አዴ ጫንጮ አላሉኝም።

"አሁንማ ከፍቼ ነው" አሉ።