ከኋላው ያወቅሁት ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ ነበር። የመርሳ ሙቀት ደግሞ ያለ ቬንትሌተር እንደማያስተኛ ታውቃላችሁ። ላፕቶፔ ላይ የቀረችውን ባትሪ ይዤ በረንዳ ወጣሁና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በፍላሽ የሰጠኝን ፊልም ከፈትኩ። "ቲቸር፣ የሯጭ ፊልም አገኘሁ" ብሎ ነው የሰጠኝ። የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ሯጭ ያለበት ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይላካል።

ፊልሙ "ዘራፊው" ይባላል። በ2010 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኦስትሪያ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ቤንጃሚን ሃይዘንበርግ ይባላል። ሰውየው እስር ቤት ሆኖ ይሮጣል፣ ከእስር ወጥቶም ይሮጣል። የቪየና ማራቶን ላይ ከአገሩ ሯጮች ቀዳሚ ይሆናል። በሌላ ቀን ደግሞ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ ጠመንጃ ይዞ ባንክ ይዘርፋል። ዋንጫም ገንዘብም ወደ አንድ ቤት ይገባል። አብራው የምትኖረው ሴት መጀመሪያ ላይ የምታውቀው ሯጩን ብቻ ነው።

ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዮሐን ካስተንበርገር የሚባል ኦስትሪያዊ በ1980ዎቹ በእውነት እንዲህ ኖሯል። የተራራ ማራቶን ያሸነፈ ሯጭ ነበር፤ ባንክ ሲዘርፍ የፕሬዚዳንት ሬገንን መልክ የያዘ ጭምብል ያደርግ ነበር። በኅዳር 1988 ተይዞ ምርመራ ላይ እያለ ከፖሊስ ጣቢያ በመስኮት ዘሎ አመለጠ። አገር ሙሉ ፖሊስ ወጥቶ ፈለገው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሞተ።

ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ሰውየው ጫካ ውስጥ ሲሮጥ፣ ፖሊስ ሲያሳድደው፣ እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ "አምልጥ! አምልጥ!" እላለሁ። ዘራፊ መሆኑን አይቻለሁ። ሰው ሲገድልም አይቻለሁ፤ ያውም በተሸለመው ዋንጫ ቀጥቅጦ። ግን አሯሯጡ ያምር ነበር። እዚህ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ምክንያቱም ይሄ ስሜት አንድ ጊዜ እዚሁ መርሳ ገበያ መሀል ደርሶብኛል።

በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ የስፖርት ስቶራችን ባዶ ነበር። ኳስ የለ፣ ምንጣፍ የለ፣ መረብ የለ። ዕቃ የማይፈልገው ሩጫ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሩጫ ጀመርን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተገናኝተን በአስፋልቱ ወደ ስሪንቃ አቅጣጫ እንወጣለን። አብራችሁኝ የሮጣችሁ ታስታውሳላችሁ።

ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ እናንተም ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉብኝ አደራ። በኮንጎ ጫማ ነው የጀመረው። በዓመቱ ዞን ውድድር ላይ በ5,000 ሜትር ሁለተኛ ወጣ። ቀጥሎ አዲስ የሩጫ ጫማ አድርጎ መጣ። "አጎቴ ከሳውዲ ላከልኝ" አለ። አመንኩት። እኛ አገር ከሳውዲ የሚልክ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

አንድ ቀን ጃኬቴን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ሳሠራቸው ስልኬ ጠፋ። ሳሩን ሁሉ እየገለጠ ከማንም በላይ ሲፈልግልኝ የነበረው እሱ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ የገበያ ቀን ነው፣ ቲማቲም እየገዛሁ "ሌባ! ሌባ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ልጅ የሽንኩርት ማዳበሪያ ዘሎ ይፈተለካል። ፊቱን አላየሁም፤ ጀርባውን ነው ያየሁት። ግራ ክንዱን ከጎኑ አጣብቋል፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጓል። ዓመት ሙሉ "ክንድህን ፍታው!" እያልኩ ላስተካክለው ስታገል የነበረው አሯሯጥ ነው። አሥር ሰው ተከተለው። ማንም አልደረሰበትም።

እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ተገለባበጠ።

አንድ ፖሊስ መጥቶ "መምህር፣ አወቅከው?" አለኝ። ስሙን ሰጠሁት። ስልኩ የተሰረቀባት ሴትዮ አጠገቤ ቆማ ታለቅሳለች፤ ሌላ ምን እላለሁ? ማታውኑ ከተከራየበት ቤት ተያዘ። ስሙን በመናገሬ ዛሬም አልጸጸትም።

የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔም ነበርኩ። "ይባረር" ተባለ። ኮሚቴው ሲወስን የማውቀውን አልተናገርኩም። ከስንቅ ሌላ ገቢ እንደሌለው አውቃለሁ። ባዶ ሆዱን 10 ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥም አውቃለሁ። ይሄ ስርቆቱን አያጥበውም፤ ግን ኮሚቴው መስማት ነበረበት። እኔ ስልኬን እያሰብኩ ዝም አልኩ። ጣቢያ ታስሮ በነበረ ጊዜም ከቤቴ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ "ለምን?" አላልኩትም።

የኦሎምፒክ ታሪክ ሳስተምር ስለ ሻምበል ማሞ ወልዴ የማስተምረው አጭር ነበር። በ1968 ሜክሲኮ፣ አበበ ቢቂላ ተጎድቶ ካቋረጠ በኋላ፣ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቅ አመጣ። ሁለተኛው ጃፓናዊ ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። በ10,000 ሜትርም ብር አለው። በ1972 ሙኒክ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ። ደወል ይደወላል፣ አለቀ። አንዴ አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ማሞ ታስሮ ነበር የሚባለው እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "እሱን የታሪክ መምህራችሁን ጠይቁ" ብዬ አለፍኩ።

እውነት ነው፤ መመለስ ነበረብኝ። ማሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታሰረ። ክሱ በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ ታዳጊ ግድያ ተሳትፏል የሚል ነው። እሱ ታዝዤ ቦታው ላይ ነበርኩ፣ አልገደልኩም አለ። ፍርድ ሳያገኝ ዓመታት አለፉ። በ2002 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነህ ብሎ 6 ዓመት ፈረደበት። እሱ ግን 9 ዓመት ገደማ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ።

ማሞን ከባንክ ዘራፊው ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጤ አይደለም። ያኛው ያደረገው ይታወቃል፤ ማሞ ግን እስከ መጨረሻው አልገደልኩም ያለ ሰው ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሙኒክ ላይ ከማሞ ቀጥሎ አራተኛ የወጣው አሜሪካዊው ኬኒ ሙር ነው። ሜዳሊያውን በማሞ ተነጥቋል ማለት ይቻላል። ይሄ ሰው ጋዜጠኛ ሆኖ ነበርና ማሞ መታሰሩን ሲሰማ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ጠየቀ፣ በ1995 ረጅም ጽሑፍ ጻፈ፤ ዓለም እንዲያውቅ አደረገ። የሟቹ ቤተሰብ ፍትሕ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የታሰረው ሰው በጊዜው ፍርድ ማግኘቱም ተገቢ ነው። አንዱን ለማክበር ሌላውን መርሳት አያስፈልግም ነበር።

አንድ ሰው ሜዳሊያውን ለተነጠቀበት ሯጭ ውቅያኖስ ይሻገራል። እኔ ስልኬን ለተነጠቅኩበት ልጅ አስፋልቱን አልተሻገርኩም።

ልጁ ከተፈታ በኋላ መርሳ አልቆየም። በጅቡቲ በኩል ወጣ ይባላል። ባለፈው ዓመት እናቱ በገበያ ቀን ቤቴን አጠያይቀው መጡ። በፌስታል ሎሚ ይዘውልኛል። "መምህር፣ ልጅዎ ትልቅ ሯጭ ይሆናል ብለውኝ ነበር። ሩጫው የት አደረሰው? እስቲ ይንገሩኝ" አሉኝ። ስለ ስርቆቱ የሚያውቁት ነገር ያለ አልመሰለኝም። "ደህና ነው እናቴ፣ ጎበዝ ልጅ ነው" ብዬ ሸኘኋቸው። አያችሁ፣ ፊት ለፊት አንድ ነገር፣ ከጀርባ ሌላ ነገር መሆን እኔም እችልበታለሁ።

ዘራፊውን "አምልጥ" ያልኩት አሯሯጡን አይቼ ነው። የኔን ልጅ "ይባረር" ሲባል ዝም ያልኩት ስርቆቱን አይቼ ነው። ሁለቴም ግማሹን ነው ያየሁት። መምህር ግን ሙሉውን እንዲያይ ነው የሚቀጠረው።

አሁን አዳዲስ ልጆች ይዣለሁ። ሰዓት ከመያዜ በፊት "ቁርስ የበላ ማን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሲስቁብኝ ይስቃሉ። ያልበላ ካለ ግን ዳቦና ሻይ አይጠፋም።

አንተ ልጅ፣ የትም ሁን፣ ይሄን ካነበብክ ስልኩን ተወው። ሲሜን አስወጥቼ ያንኑ ቁጥር ነው የምጠቀመው። ደውልልኝ፤ ለእናትህ የምነግራቸው እውነተኛ ነገር እፈልጋለሁ። መሮጥህን ካላቆምክ ደግሞ ግራ ክንድህን ፍታው።

ቸር እንሰንብት።